በኦብዱሊያ ስም ሥር የተጻፈው

ስለ ኦብዱሊያ ስጠየቅ መጀመሪያ የምናገረው ቁመቷን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከተራራ ተራራ በእግሯ የዞረች ሴት ስትባል ሰው ግዙፍ ትመስለዋለች። ኦብዱሊያ ግን ቆማ ከእኔ ትከሻ አታልፍም ነበር። ጥቁር ቀሚስ፣ የወንድ ጫማ፣ ክንዷ ላይ ዘንቢል። ዘንቢሉ ውስጥ ገጹ የተበጣጠሰ አንድ የንባብ መጽሐፍ፣ አንድ ሚስማርና ለመንገድ የሚሆን የደረቀ በለስ አይጠፋም። ሚስማሩ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሱቁ፣ ማዘጋጃ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ከታች አልካዲማ መንደር ነው ያሉት። እኛ ደግሞ ከላይ ነን፤ አንዱ ቤት ከሌላው የግማሽ ሰዓት መንገድ ይርቃል፤ በመሀል ፍየል፣ የለውዝ ዛፍና ድንጋይ ነው። ልጅ በየቀኑ ወርዶ ይማር ቢባል መንገዱ ቀኑን ይጨርሰዋል፤ ፍየሎቹንስ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱ በእግሩ እየመጣ ያስተምረን ነበር። ትምህርት ቤቱ ኦብዱሊያ ናት። ሰኞ እኛ ቤት፣ ማክሰኞ እነ ሩፊና ዘንድ፣ እያለች ሳምንቱን ትዞራለች። የምትመጣው ፍየሎቹ ጥላ በሚይዙበት በቀትር ነው። የቤቱ ልጅ፣ እናት፣ አያት ሳይቀር አውድማው ዳር ይቀመጣል። ስትጨርስ ከቤቱ ሰው ጋር በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰውን የዳቦ ፍርፋሪ ትበላለች፤ ሁለት እንቁላል ዘንቢሏ ውስጥ ይከተትላትና ትሄዳለች።

እሷን ያስተማራት ፋውስቲኖ የሚባል አንካሳ ክር ሻጭ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ በረዶ መንገዱን ዘግቶበት ክረምቱን እነሱ ቤት ከረመ፤ ለማደሪያው ውለታ ፊደል አስቆጠራት። ጸደይ ሲሆን ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ካደገች በኋላ ልጆቻቸው ለውትድርና የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ አንብቢልን እያሉ ያስጠሯት ጀመር። አንዲቱ እናት አንድ ቀን፣ «ስሚ ኦብዱሊያ፣ የቤቴን ጉድ ሁሉ አንቺ ከምትሰሚው ልጄን አስተምሪያትና እሷ ትስማው» አለቻት። ሥራው የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም።

አሁን ወደ ሚስማሩ። ኦብዱሊያ ከፊደል ቆጠራ አትጀምርም። መጀመሪያ የምታስተምረው የሰውየውን የገዛ ስሙን መጻፍ ነው። ወረቀት ከየት ይመጣል? በመንገዱ ዳር የበቀለው ቃጫ ቅጠሉ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ በሚስማር ከጫሩት ጠባሳው ነጭ ሆኖ ለዓመታት አይጠፋም። ወደ ምንጩ የሚወርድ ሰው ግራና ቀኙን እያየ የተራራውን ሰው በሙሉ ያነበው ነበር። የእኔ ስም አዶራሲዮን ስለሆነ ቅጠሉ አልበቃ ብሎኝ ሁለተኛው ላይ ጨርሼዋለሁ። ሲጠሩኝም አዶራ ብቻ ነው የሚሉኝ።

እኛ ዘንድ ለሚያስተምር ሰው ቃሉ ብዙ ነው፤ መሳሳት ደግሞ ያስገምታል። መንግሥት ቀጥሯት ሕፃናት የምታስተምረው ማኤስትራ ትባላለች። ፊት ለፊት ግን፣ የልጅ ልጅ ቢኖራትም እንኳ፣ ልጆቹ የሚጠሯት ሴኞሪታ፣ ወይዘሪት እንደማለት፣ እያሉ ነው። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ደወል በተደወለ ቁጥር እየተቀያየረ የሚገባው ፕሮፌሶር ነው። ከዚያም በላይ ካቴድራቲኮ የሚባል አለ ይላሉ፤ እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። ለኦብዱሊያ ግን ከእነዚህ አንዱም አልተሰጣትም። ከላይ ያለነው «ትምህርት የምትሰጠው» እንላታለን፤ አፋችን ሲያመልጠን ደግሞ ማኤስትራችን እንላለን።

ይቺ ማምለጥ ነበረች ጣጣ ያመጣችው። የአልካዲማዋ ማኤስትራ ዶኛ ሊዮካዲያ ናት። ዲፕሎማዋን በመስታወት አስገጥማ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ሰቅላዋለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ዛሬ እላለሁ፣ ያኔ ብትጠይቁኝ ሌላ ነበር የምላችሁ። ቃል ያለቦታው ሲገባ አትችልም፣ ያማታል። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አባቴ «ማኤስትራችን ኦብዱሊያ» ሲል ሰማችና ሰው ሁሉ ባለበት አረመችው። ማኤስትራ ማለት ተምራ፣ ተፈትና፣ መንግሥት ያወቃት ናት፤ ያቺ ሴት ፊደል የምታሳይ ሴት ናት፤ ቃሉ ለሁሉም ከተሰጠ ለማንም አይሆንም አለችው። አባቴ ማካሪዮ ፍየል ጠባቂ ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ኦብዱሊያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለጨው የመጣችውን ጨው ሳትገዛ ተመለሰች።

እኔ ደሜ ፈልቶ ወርጄ ልሰድባት ስል ያስቀረችኝ ራሷ ኦብዱሊያ ናት። ዶኛ ሊዮካዲያ እውነቷን ነው አለችኝ። ትንሽ ሄደን ከዚያ ቆም አለች።

«አዶራ፣ ዕድሜ ልኬን ሰዉን ሁሉ ስሙን አስጻፍኩ» አለች። «እኔ ራሴ ምን እንደምባል ሳላውቅ ልሞት ነው።»

ስትስቅ እንጂ ስታማርር አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። አንጀቴን በላችው።

በ1959 ለውዙ ከተለቀመ በኋላ ወሬ መጣ። የመታወቂያ ካርድ የሚያወጡ ሰዎች ከዋናው ከተማ በመኪና ይመጣሉ፣ አልካዲማ አንድ ቀን ብቻ ይውላሉ፣ ያልቀረበ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል ተባለ። ካርዱ ፎቶ፣ ስም፣ ፊርማ፣ የጣት አሻራ አለው። ሙያ የሚል መስመርም አለው። ይህን ስትሰማ ኦብዱሊያ ጥቁር ቀሚሷን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አጠበችው። አፍ አውጥታ አልነገረችንም፤ እኛ ግን ገብቶናል። ለሴት ሁሉ በዚያ መስመር ላይ የሚጻፈው አንድ ነገር ነበር፤ ሱስ ላቦሬስ። የቤት እመቤት እንደማለት ነው፤ የራሷ ሥራ፣ የጓዳዋ ሥራ። ቤት ኖሯት ለማታውቅ፣ በሰው ቤት እየዞረች ላስተማረች ሴት ይህ ከተጻፈ ነገሩ አለቀ። ካርዱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ የጻፈውን መልሶ አይፍቅም።

በቀኑ አርባ አንድ ሆነን ወረድን። ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ የታችኞቹ እየጨረሱ ነበር። ዶን ካሲሚሮ የሚባል መነጽር ያደረገ ሹም ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከአጠገቡ ቅጹን የምትሞላው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዶኛ ሊዮካዲያ። የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለሆነ ከንቲባው ለምኗት ነው። ያቺን መስመር የምትሞላው እሷ ናት። ኦብዱሊያም አየቻት፤ ሰውን ሁሉ እያሳለፈች ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች።

ከእኛ የመጀመሪያው አባቴ ነበር። ሹሙ መልኩን አየ፣ የፍየል ሽታውን አሸተተና መፈረም የማይችሉ ሰዎች ቅጽ ላይ የሚመታውን ማኅተም አነሳ።

«እሱን ይተዉት ጌታዬ» አለ አባቴ። «ብዕሩን ይስጡኝ።»

ፈረመ። ስሙን ጽፎ ከሥሩ ሦስት ዙር ጠመዘዘና ረጅም መስመር ስቦ ሁለት ነጥብ አኖረ። እንዲህ ያለ ጅራት ፊርማ ላይ ማድረግ እኛ አገር ወግ ነው። ቀጥላ ሩፊና ፈረመች፤ ሦስት ዙር፣ መስመር፣ ሁለት ነጥብ። ከሩፊና ባሏ። ከባሏ እህቱ። ሹሙ መጀመሪያ ላይ ተገርሞ ዶኛ ሊዮካዲያን፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ይጽፋሉ እንዴ ብሎ ጠየቃት። አሥራ አንደኛዋ እኔ ነበርኩ። ስጨርስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና አሥራ አንዱን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ለእናንተ የሚፈርምላችሁ ማነው?» አለ።

ዓይንዎ እያየ ነው የፈረምኩት አልኩት። ጅራቱ ግን የሁላችሁም አንድ ነው፣ ተለማምዳችሁ መጥታችኋል፣ ይህ ማጭበርበር ነው አለ። የሰው ፊርማ ሰውየውን ከሌላው የሚለይ ነው፤ እዚህ ግን አሥራ አንድ ሰው አንድ ሰው ሆኗል አለ። በሩ ላይ የቆመውን ዘብ አየት አደረገው። እኔም ምላሴ አያርፍም፣ ፊደል ያለጅራት እንዴት ሊጻፍ ኖሯል ብዬ ተሳለቅሁበት። እውነቴን ነበር እኮ፤ ስም ሲጻፍ ያ ነገር አብሮት የተፈጠረ ነበር የሚመስለኝ። ከኋላዬም ያሉት ሠላሳ ሰዎች እንደዚያው ነበር የሚያውቁት።

ኦብዱሊያ ሰልፉን ትታ ወደ ፊት መጣች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ» አለች። «እነሱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠ። ክር ሻጩ ፋውስቲኖ ያን ክረምት ስም አጻጻፍ ሲያሳያት የገዛ ፊርማውን ጅራት አብሮ ይስለው ነበር። ልጅ ነበረች፤ የስም መዝጊያ መሰላት፣ እንደ ነጥብ ያለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያው መስሏት ኖረ። አርባ ዓመት ስሙን ላስጻፈችው ሁሉ የፋውስቲኖን ጅራት ስታድል ኖራለች። በየቃጫው ላይ ያለው ስም ሁሉ ሦስት ዙር፣ መስመርና ሁለት ነጥብ ነው። ሹሙ ጅራቱን እያንዳንዱ ሰው እንደፈቀደው ራሱ እንደሚፈጥረው ሲነግራት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ይህን የምትሰማው በዶኛ ሊዮካዲያ ፊት ነው። ምድር ጠበበቻት። እኔ ዶኛ ሊዮካዲያ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም፤ የተደረደሩትን ቅጾች አንድ በአንድ ታያለች።

ሹሙ ቆርጦ ተናገረ። መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ እስከዚያ ሁሉም የየራሱን ፊርማ ይዞ ይምጣ፣ ካልሆነ ለከርሞ።

ኦብዱሊያ ቀና ብላ ሁላችሁም ግቢ ውጡ አለችን። ከማዘጋጃ ቤቱ ምድጃ አንድ እፍኝ ከሰል አነሳች።

እንዲያ ያለ ትምህርት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ግቢው ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ድንጋይ ሰጠችን። በመጀመሪያ ያስተማረችን ነገር ስህተት እንደነበረ ነገረችን። ሳትሸፋፍን፣ እኔ ተሳስቼ አሳሳትኳችሁ፣ አሁን አብረን እናርማለን አለች። ከዚያ በየሰው እየዞረች እጅህ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል ትላለች። አባቴ ፍየል አስራለሁ አላት፤ የገመዱን ቋጠሮ ከስሙ ሥር አሳለችው። ሩፊና ሊጥ አቦካለሁ አለች፤ እጇ ሊጡን እንደሚያጥፈው ሁለት ጊዜ አጠፍ አደረገችላት። ባሏ እኔ ምንም አልሠራም ሲል ሩፊና እውነቱን ነው አለች፤ ቀጥ ያለ አንድ መስመር ደረሰው፣ እስኪሞት እሷን ፈረመ። እኔ ድንጋዩን የሞላ ጅራት ስዬ ነበር።

«አንቺ፣ ወረቀቱ የአባትሽ ማሳ አይደለም» አለችኝ። «ቀንሺ።»

ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ይስላል፣ ያጠፋል፣ የጎረቤቱን ያያል፣ ይሳሳቃል። የታችኞቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩናል። ሹሙ ዳቦውን ይዞ መስኮት ላይ ብቅ አለና እዚያው ቆሞ መብላቱን ቀጠለ። ከሰሉ ድንጋዩ ላይ እየተበተነ ሲያስቸግረን ዶኛ ሊዮካዲያ በጓሮ በር ገባች። ከትምህርት ቤቷ አንድ ሳጥን ጠመኔ አምጥታለች። ለሁላችን አከፋፈለች። ከዚያ ያን የተተኮሰ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እጁ ከሚንቀጠቀጥ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ተንበረከከችና እጁን ይዛ ታስለው ጀመር።

ሩፊና ያችን ሊጧን ሠላሳ ጊዜ ሠርታ አላስደስታት አለ። ዶኛ ሊዮካዲያ ቅርቧ ስለነበረች፣ ይህ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዶኛ ሊዮካዲያ ከሽማግሌው እጅ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ መለሰች።

«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? ማኤስትራሽን ጠይቂያት።»

የኦብዱሊያ እጅ አየር ላይ ቀረ። ዶኛ ሊዮካዲያ ምን እንዳለች ለራሷ የገባት ከእኛ በኋላ ይመስለኛል፤ ጠመኔው ከእጇ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ። ቀና ብላ ዞር ዞር አለች። አርባ ሰው ያያታል። አሁን ቃሉን ታርመዋለች አልኩ በልቤ፤ እሷ ያለቦታው የገባ ቃል አትችልማ።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች። «ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ስባሪውን አነሳችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እየገባን ፈረምን። አርባ ሰው፣ አርባ ጅራት። ሹሙ እያንዳንዷን ከፍ አድርጎ ያያትና ይስቃል፤ የአባቴን ቋጠሮ ለፎቶ አንሺው አሳየው። በመጨረሻ ኦብዱሊያ ቀረበች። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ዘመን ተሞላ። ሹሙ ለሴቶች ሁሉ ሲል እንደዋለው «ሙያ፣ ሱስ ላቦሬስ» አለና ወደሚቀጥለው ወረቀት ዞረ። እኛ በሩ ላይ ተጨናንቀን ነበር። ዶኛ ሊዮካዲያ ብዕሯን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፤ በዚያ ባማረ ጽሑፏ ቀስ ብላ ጻፈች። ከነበርኩበት አይነበብም። ሹሙ ሊፈርም ጎንበስ ሲል አነበበውና ብዕሩ ቆመ።

«ዲፕሎማ አላት?» አለ።

«ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል፤ ዝናብ ሳይመጣ ወርደው ይዩት» አለችው።

ሹሙ ከመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ሲያየው የዋለውን እንደገና አየውና ፈረመ። ለኦብዱሊያ ብዕሩን ሲሰጣት፣ እኔም አዲስ ላውጣ ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ስታስተምር ስትውል ለራሷ ጅራት ማሰቡን ረስታው ነበር። አሁን ያንን የያዘ ሌላ ሰው የለም፣ ይያዙት አላት። ሦስት ዙር ጠመዘዘች፣ መስመር ሳበች፣ ሁለት ነጥብ አኖረች። እኛ ሁላችን መለስንላት ማለት ነው።

ማታ ወደ ላይ ስንወጣ እንደ ሠርግ ነበርን። በማግሥቱ ከፊሉ ሰው ሚስማር ይዞ ወደ ምንጩ መንገድ ሄዶ ከድሮው ስሙ ጎን አዲሱን ጫረ። ዶኛ ሊዮካዲያ ይቅርታ አልጠየቀችም፣ ሻይም አልጋበዘችንም። ግን ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ሳጥን ጠመኔ ሱቁ ውስጥ ትተው ነበር፤ ላዩ ላይ «ለተራራው ማኤስትራ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ካርዶቹ ለገና ሲቃረብ በፖስተኛው በቅሎ መጡ። ቀኑ ሰኞ ስለነበር ኦብዱሊያ እኛ ቤት ነበረች። የራሷን ካርድ ሁለት እጇ ላይ አድርጋ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አለች። መነጽር ኖሯትም አያውቅም። «አንብቢልኝ።»

ስሟን አነበብኩ። ሙያ ከሚለው ቀጥሎ ያለውንም አነበብኩ፤ ግን ቃሉ በወጉ አልወጣም። እንባዬ እየወረደ ነበር፣ አባቴም ወደ ፍየሎቹ ዞሯል። ኦብዱሊያ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ልክ እንደ ትምህርት ሰዓት ተቀምጣለች።

«እንደገና» አለች። «ቀስ ብለሽ። መጨረሻውን ዋጥሽው።»